የክረምት የሥነ ጥበብ ሥልጠና፦ አንዱን ቀን እንዴት እናደራጀው? (24 ልጆች፣ ከ13–17 ዓመት፣ አዲስ አበባ)

የክረምት አስተባባሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የሚቆይ የሥነ ጥበብ ሥልጠና እያሰናዳን ነው። ልጆቹ 24 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17። ያለን ነገር ይህ ነው፦ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ አዳራሽ፤ ስድስት ጠረጴዛ ያለው አንድ ክፍል፤ ግቢ ውስጥ አንድ የውሃ ቧንቧ፤ ስድስት ክራር። አሠልጣኞቹ ሦስት ናቸው (ሥዕልና ህትመት፣ ቴአትርና ውዝዋዜ፣ ክራር)፤ አንዲት ረዳትም አለች። ሰዓቱ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 9:30።

ለጊዜው ያወጣነው የቀን ፕሮግራም፦

2:30–3:20 ሥዕል
3:30–4:20 ክራር
4:30–5:20 ሥነ ጽሑፍ
5:30–6:30 ምሳ
6:30–7:20 የሊኖ ህትመት (ሊኖ የሚባል ለስላሳ ንጣፍ ቀርጾ ቀለም ቀብቶ ማተም)
7:30–8:20 ቴአትር
8:30–9:30 ውዝዋዜ

24ቱም አብረው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ሥራውን የምታውቁ ሰዎች የማይሠራውን ሳትሳሱ ንገሩን። ገና ጊዜ አለን።

እንጨትና ቀለም

የህትመቱን ልንገርሽ። በ50 ደቂቃ ሊኖ አይሠራም። ቁጠሪው፦ መሣሪያ ማደልና ጋዜጣ ማንጠፍ 10 ደቂቃ፤ ማጠብና መሰብሰብ 25 ደቂቃ። የቀረሽ 15 ደቂቃ ነው። በዚያ ውስጥ ልጁ ንድፉን እንኳ ወደ ሊኖው አያሸጋግርም።

10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሆነች አንዲት ሊኖ ትክክለኛው ጊዜ ይህ ነው፦ ንድፍ 30 ደቂቃ፣ ማሸጋገር 10፣ መቅረጽ ከ70 እስከ 90፣ ማተም 40፣ ማጽዳት 25። በድምሩ ሦስት ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። ይህን ለአራት ቀን ቆራርጦ መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ ማዋቀሩና ማጽዳቱ በየቀኑ ስለሚደገም ጊዜው የሚያልቀው በባልዲና በጨርቅ ነው። ልጁ ጠዋት የጀመረውን ማታ በእጁ ይዞ እንዲያየው ያስፈልጋል። ያላለቀ ሥራ ለሣምንት ከተቀመጠ በ14 ዓመት ልጅ ዘንድ ይሞታል።

ሌላው፣ 24 ልጅ ስለታም ነገር ይዞ በአንድ ክፍል አንድ አሠልጣኝና አንዲት ረዳት አይበቁትም። 12 ይሁኑ። ለሁለት ክፈሏቸው፤ ግማሹ ዛሬ ህትመት፣ ግማሹ ነገ። እንደ መደበኛ ትምህርት ቤት በደወል የሚሄድ ቀን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከመጋረጃ ጀርባ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ደግሞ ስለ ቆርቆሮው ልናገር።

የአዲስ አበባ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ ከሌለ ከባድ ዝናብ ሲጀምር አሠልጣኙ ሁለት ሜትር ላይ ላለ ልጅ ድምፁን ማሰማት አይችልም። እናንተ ቴአትርን 7:30 ላይ አድርጋችሁታል። ልጆቹ ዝናቡን ለማሸነፍ ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው፣ ከሆድ አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን ግማሾቹ ድምፃቸው ይዘጋል። በተለይ ድምፃቸው እየጎረነነ ያለ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ላይ ይብሳል።

ስለዚህ ድምፅ የሚፈልግ ነገር ሁሉ (ንግግር፣ ዘፈን፣ ክራር) ከምሳ በፊት ይሁን። ከምሳ በኋላ ለአዳራሹ ቃል የሌለው ሥራ ስጡት። አንደኛ፣ በሰውነት ሥዕል መሥራት፦ አራት አራት ሆነው «ታክሲ ሰልፍ»፣ «የገበያ ክርክር»፣ «የፈተና ውጤት የተነገረ ዕለት» የሚለውን በ3 ደቂቃ ተመካክረው እንደ ፎቶ ግራፍ ቆመው ያሳያሉ፤ ሌሎቹ እየዞሩ ያያሉ። ሁለተኛ፣ ያንኑ ሥዕል በስምንት ቁጥር ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ሥዕል መለወጥ። ቁጥሩን አሠልጣኙ በእጁ ያሳያል እንጂ አይጮኽም። ይህ ልምምድ ዝናቡ በጨመረ መጠን ይሻላል፤ ልጆቹ መተያየት ስለሚገደዱ ትኩረታቸው ይጨምራል።

ስለ ውዝዋዜው፦ እስክስታ በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ሳያሟሙቁ ከተጀመረ አንገትና ትከሻ ይያዛል። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ማሟሟቂያ ግድ ነው። በእግር መራመድ፣ ከዚያ የትከሻ ክብ ወደ ኋላ 8 ወደ ፊት 8፣ ከዚያ ትከሻን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች በዝግታ፣ መጨረሻ ላይ አንገት። አንገትን ወደ ኋላ አጥፎ ማዞር ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ወደ ጎንና ወደ ፊት ብቻ። ጀማሪ ልጅ ትከሻው እንቢ ሲለው ከወገቡ ይወዛወዛል፤ ወንበር ላይ አስቀምጡትና ወገቡ ሲያዝ ትከሻው ራሱ ይፈታል። በካልሲ ብቻ አይጨፍሩ፣ የተወለወለ ሲሚንቶ ያንሸራትታል። ወይ ባዶ እግር ወይ ሸራ ጫማ።

የክረምት አስተባባሪ

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። 12 ለ12 መክፈሉን ተቀብለነዋል። ጋሼ እንጨትና ቀለም፣ ሊኖ እንደ ልብ አይገኝም፤ ምትክ አለው? ለ12 ልጅ ምን ያህል መሣሪያስ ያስፈልጋል?

እንጨትና ቀለም

ምትክ አለ፣ ግን ሁሉም እኩል አይደለም።

ትክክለኛው ሊኖ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጀርባው በጆንያ ክር የተሸፈነው ነው። በክረምት ብርድ ይደርቃል፤ ልጁ ሲገፋው ይሰነጣጠቅና መቅረጫው ያመልጣል። ከመቅረጽ በፊት ሙቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለአምስት ደቂቃ ላዩ ላይ ማስተኛት ነው፤ ልክ እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ሲቀዘቅዝ እንደገና።

ለጫማ ሥራ የሚሸጠው ለስላሳ ጎማ (ኢቫ) መርካቶ ይገኛል። ሲቀረጽ ይቀላል፤ ጥቃቅን መስመር ግን አይዝም፣ ጠርዙ ይቦጫጨቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያልቀጠነውን ምረጡ። 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ ሰሌዳ) ደግሞ በየአናጺው ቤት ቁራጩ ይገኛል፤ ይቀረጻል፤ ዱቄቱ ግን ሳንባ ይጎዳል፣ መሣሪያም ቶሎ ያደንዛል። ለታላላቆቹ ካልሆነ አልመክርም። ለ13 ዓመቶቹ ምግብ የሚታሸግበት ነጭ ፎም ጠፍጣፋውን ክፍል ቆርጦ በእስክሪብቶ መጫን ይበቃል። ስለት የሚባል የለውም፣ ህትመቱም እውነተኛ ህትመት ነው።

ለ12 ልጅ የሚያስፈልገው፦ 12 የመቅረጫ እጀታ፤ 12 ባለ ቪ አፍ ቀጭን መቅረጫ፤ 6 ባለ ዩ አፍ ሰፊ (ሰፊውን የሚፈልጉት ባዶ ቦታ ሲያነሱ ስለሆነ ሁለት ልጅ አንዱን ይጋራል)፤ 12 ማገጃ ጣውላ፤ 3 ሮለር፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፤ ቀለም የሚዘረጋበት 3 መስታወት 30 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለበጠ። ማገጃ ጣውላ ማለት አንድ ሰሌዳ ሆኖ ከፊት ወደ ታች፣ ከኋላ ወደ ላይ ዘንግ የተመታበት ነው። የታችኛው ዘንግ ጠረጴዛውን ይነክሳል፣ የላይኛው ሊኖውን ያቆመዋል። ከሁሉ በፊት ገንዘብ እዚህ ላይ አውጡ። አደጋ የሚመጣው ሊኖው ሲንሸራተት ልጁ በሌላ እጁ ከፊት ሲይዘው ነውና።

ሦስት ሕግ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ የያዘው እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ፤ መስመሩ ሲታጠፍ የሚዞረው ሊኖው ነው፣ እጅ አይደለም፤ የማይቀርጽ ሰው መሣሪያ በእጁ አይዝም። መቅረጫው ተኝቶ ይሂድ፣ ጥልቀቱም ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የጆንያው ክር ከታየ ልጁ በጣም ቆፍሯል።

መሣሪያ በቁጥር ይውጣ፣ በቁጥር ይግባ። አንድ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን ቅርጽ በእርሳስ ዙሪያውን ሣሉ፤ ባዶ ቅርጽ ካለ ማንም ከክፍሉ አይወጣም። የደነዘ መቅረጫ ከተሳለው ይልቅ ይቆርጣል፣ እጅን ማለቴ ነው፤ ልጁ ኃይል ስለሚጨምርበት። በየጠዋቱ በቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ፊት ላይ ማለስለሻ ቀብቶ አሥር አሥር ጊዜ ወደ ኋላ መሳብ ነው።

ነርሷ

ከላይ ለተጻፈው የምጨምረው፦ እጅ ሲቆረጥ መጀመሪያ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ እያነሱ ሳያዩ፣ ሳያቋርጡ 10 ደቂቃ መጫን፣ እጁንም ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ። በየደቂቃው እየገለጡ ማየት ደሙ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ከቆመ በኋላ በውሃና በሳሙና ይታጠባል። ከ10 ደቂቃ በኋላም የማይቆም፣ አፉ የተከፈተ፣ ወይም ጣቱን ማጠፍ ወይም ስሜት የከለከለ ቁስል ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ቡና፣ የሸረሪት ድር፣ ቀለም የነካ ጨርቅ ቁስል ላይ አይደረግ።

የወላጅ ፈቃድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጠየቅ፦ የቴታነስ ክትባት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የምግብ አለርጂ። የአስም ጉዳይ ለክረምት ከባድ ነው፤ እርጥብ ግድግዳ ያለው ክፍል፣ የከሰል ብናኝ፣ የቲነር ሽታ ሲደመሩ ልጅ ያሳምማሉ። ቲነርና ነጭ ጋዝ ወደ ልጆቹ ክፍል ባይገባ ይመረጣል።

እንጨትና ቀለም

ነርሷ ልክ ብለዋል፤ ነጭ ጋዝ አያስፈልግም። የዘይት ቀለም በምግብ ዘይት ይነሳል። ሮለሩን በጋዜጣ ላይ አንከባልሎ ቀለሙን ማራገፍ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በፈሳሽ ሳሙና። ጨርቁን ግን እንደ ተጨማደደ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም የነካ ጨርቅ ሲከመር ራሱን በራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል። ውሃ ባለበት ክዳናም ጣሳ ውስጥ ይግባ። ይህን እወቁና፣ ለእናንተ የማዝዘው በውሃ የሚታጠበውን ነው። የዘይቱ በክረምት ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ የልጆች ልብስም አይምረውም።

ክራር በክረምት

ሰላም። ስለ ክራሩ ትንሽ ማለት ይቻላል።

እርጥበት የክራር ጠላት ነው። ፊቱን የሸፈነው ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፤ ድምፁ ይታፈናል፣ ክሩም ዝቅ ይላል። ሌሊት ግድግዳ ተደግፎ አይደር፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በጨርቅ ከረጢት ይሰቀል። ጠዋት ከብርድ ክፍል አውጥቶ ወዲያው መቃኘት ከንቱ ነው። 15 ደቂቃ ልጆቹ ባሉበት ክፍል ይቆይ፣ ከዚያ ይቃኝ፣ ከሌላ 10 ደቂቃ በኋላ ይታረም። ምድጃ አጠገብ አስጠግቶ ማሞቅ ቆዳውን ይሰነጥቃል።

ለ12 ልጅ 6 ክራር በቂ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው። አንዱ ሲደረድር ሌላው የችክችካውን ምት በጭብጨባ ይይዛል፤ በየ7 ደቂቃው ይለዋወጣሉ። የጀማሪ ጣት ጫፍ ከ20 ደቂቃ በላይ አይችልም፤ ስለዚህ የመለዋወጡ ጥቅም ድርብ ነው።

ቅኝት፦ በሙሉው ትዝታ ጀምሩ። ዶ–ሬ–ሚ–ሶል–ላ፣ ስድስተኛው ክር የላይኛው ዶ። ከዚያ ወደ ትዝታ ግማሽ መሄድ ቀላል ነው፣ ሚንና ላን ግማሽ ግማሽ ድምፅ ማውረድ ብቻ። ወደ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ መሄድ ግን ሦስት ሦስት ክር መንካት ይጠይቃል፤ በእርጥብ ቀን ስድስት ክራር ላይ 18 ክር ስትጠመዝዙ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አንድ ቀን፣ አንድ ቅኝት። ሌላ ቅኝት ካስፈለገ ሦስቱን ክራር ከጠዋቱ በሌላ ቅኝት አዘጋጅቶ ማቆየት ይሻላል።

ልጆች የሚቸገሩት በግራ እጅ ነው። በድርደራ ጊዜ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይመታል፤ የሚሰማውን የሚወስነው ግራ እጅ ነው፣ የማይፈለጉትን ክሮች በጣት ነክቶ ዝም ያሰኛል። ጀማሪ ጣቱን አጥብቆ ይጫንና ክሩን ያጎብጠዋል፤ ድምፁ ይንሻፈፋል። መንካት እንጂ መጫን አይደለም። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ቀኝ እጅ ሳይገባበት ግራ እጅ ብቻ ይለማመድ፦ አሠልጣኙ ይደረድራል፣ ልጁ አንድ ጣት እያነሳ አንድ ድምፅ እያስወጣ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጥያቄ አለኝ። በክረምቱ ከውጭ አገር ለእረፍት ወደ አያቶቻቸው የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ዕረፍታቸው ከአዲስ አበባው ክረምት ጋር ይገጥማል። እንዲህ ያለ ሥልጠና ላይ ቢገቡ ፊደል በደንብ የማያነቡት በህትመቱ ላይ ምን ይሆናሉ? ስማቸውን በፊደል መቅረጽ እንደሚፈልጉ ግልጽ ነው።

እንጨትና ቀለም

ስም መቅረጽ ሁሉም ይፈልጋል፣ ፊደል የሚያነበውም የማያነበውም። ችግሩም ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሊኖ ሲታተም ይገለበጣል። ቀጥ ብሎ የተቀረጸ «ሰላም» ሲታተም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የ«ላ» ረጅም እግርም ከቀኝ ወደ ግራ ይዛወራል።

መላው ይህ ነው። ስሙን በብራና መሰል ስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ (4ቢ ቢሆን ጥሩ) ጠቆር አድርጎ መጻፍ፤ ወረቀቱን ገልብጦ እርሳስ ያለበትን ፊት ሊኖው ላይ ማስተኛት፤ ከጀርባው በማንኪያ መፋቅ። ፊደሉ ተገልብጦ ሊኖው ላይ ይቀመጣል። ከመቅረጽ በፊት መስታወት ፊቱ ይያዝ፤ በመስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ከተነበበ ትክክል ነው።

የፊደላችን አስቸጋሪ ቦታ ቀለበቱ ነው። የ«ሌ»፣ የ«ሬ»፣ የ«ሜ» ትንሿ ክብ ውስጧ በቀለም ይሞላና ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች። ፊደሉ ቁመቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ይኸውም ከሌላው መስመር ጠለቅ ተደርጎ ይቀረጽ። ሌላው፣ ጀማሪ ልጅ ፊደሉን ራሱን ይቆፍረዋል፤ ያን ጊዜ ፊደሉ ነጭ፣ ዙሪያው ጥቁር ይሆናል። ነጭ ፊደል ለጀማሪ ይቀላልና እንዲያውም ይህን ምረጡ፤ ዙሪያውን ማንሳት ሦስት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል።

ለልጆቹ የሚያሳዩት ነገር ካስፈለገ፣ የእንጨት ህትመት በዚህ ከተማ የቆየ ነው። አለ ፈለገሰላም ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሀንሰን ባሂያ የተባለው ጀርመን ተወላጅ ሠዓሊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንጨት ህትመት አስተምሮበታል።

የጓዳ ሰው

ስለ ምግቡ ማንም አላነሳም፤ ቀኑን የሚያፈርሰው ግን እሱ ነው።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ ነው። በዚህ ጾም ልጆች ይጾማሉ፣ ይቆርባሉም፤ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ከሥልጠናው ከፊላቸው ከሰዓት አይመጡም። መምጣት ነበረባቸው ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም። ከነሐሴ 1 በፊትና ከ16 በኋላ ያለው ቀን አንድ ዓይነት፣ በመካከል ያለው ቀን ሌላ ዓይነት ይሁን።

ምሳው ዘወትር የጾም ቢሆን ለሁሉም ይሆናል፤ የሙስሊም ልጆችም የሥጋ ጥያቄ ሳያነሱ ይበሉታል። ለ24 ልጅና ለ4 ትልቅ ሰው፦ 42 እንጀራ (ለአንድ ሰው አንድ ተኩል)፣ 1.5 ኪሎ ሽሮ፣ 2 ኪሎ ምስር ክክ፣ አንድ አንድ ኩባያ ሻይ 6 ሊትር ያህል፣ ለእሱ 300 ግራም ስኳር። ጠዋት 4:15 ላይ ዳቦ በሻይ ወይም ቆሎ። ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒ አይቀላቀል፤ ለብቻው ቢቀርብ የሚጠነቀቅ ልጅ ይለየዋል። ቀለም የነካ እጅ ለእንጀራ እንዳይቀርብ፣ ቧንቧ አንድ ከሆነ ለ24 ልጅ መታጠቢያ 15 ደቂቃ ይመደብ፣ ወይም ሁለት ባለ ቧንቧ በርሜል ይገዛ። የሁለተኛው ይሻላል።

ነርሷ

የጓዳ ሰው ካነሱት ላይ አንድ ነገር። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ከ6 ሰዓት በኋላ ስለት ባይዝ። ረሃብ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ዓይንም ያደክማል። ልጁን «አትጹም» ማለት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ሥራውን ወደ ጠዋት ማምጣት ግን የእኛ ሥራ ነው።

ከመጋረጃ ጀርባ

ውዝዋዜውም እንደዚያው። ለሚጾሙት ከሰዓት እስክስታ አይሰጥ።

ሌላ ነገር ልጨምር፦ ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ሆያ ሆዬ ለድምፅ ሥልጠና የተሠራ ያህል ይመቻል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ከዚያ ሳምንት በፊት ልጆቹ የራሳቸውን ግጥም ይጻፉ፣ ሁለት ሁለት መስመር፣ ቤት የሚመታ። አውጪው ትንፋሹን የሚወስደው ተቀባዮቹ ሲሉ ነው፤ ይህን ሳይነገራቸው በሥራው ይማሩታል። ሥነ ጽሑፍን ለብቻው ክፍለ ጊዜ ከመስጠት እዚህ ውስጥ ብታስገቡት ይሻላል።

የክረምት አስተባባሪ

ሁሉንም ይዤ እንደገና ጽፌዋለሁ። ይህን እዩልኝ። ቡድን «ሀ» እና ቡድን «ለ»፣ 12፣ 12። በማግሥቱ ይለዋወጣሉ።

2:30–2:50 ሁሉም አዳራሽ፣ ማሟሟቂያ
3:00–4:15 ሀ፦ ንድፍ፣ ማሸጋገር፣ የመቅረጽ መጀመሪያ / ለ፦ ድምፅና እስክስታ
4:15–4:35 ሻይ
4:35–5:40 ሀ፦ መቅረጽ / ለ፦ ክራር
5:40–6:40 መታጠብና ምሳ
6:40–8:00 ሀ፦ ማተም / ለ፦ ቃል አልባ ቴአትር
8:00–8:25 ማጽዳት
8:25–9:00 ሁሉም አብረው ሥራ ማየት

9 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን፤ የሚጾሙት ቤታቸው ሄደው ይበላሉ። አንድ ቀን ደግሞ ከሰዓት ልጆቹን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወይም ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ልንወስዳቸው አስበናል።

እንጨትና ቀለም

በጣም ተሻሽሏል። ሁለት ማስተካከያ።

የማተሚያው ጊዜ ላይ 12 ልጅ ባንድ ጊዜ አይነሣ። 3 መስታወት አለ፣ በመስታወት 2 ልጅ፣ በጠቅላላው 6 ያትማሉ፤ 6ቱ ደግሞ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ገመድ ላይ ይሰቅላሉ፣ ገና ያልጨረሰ ካለ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይጨርሳል። ንጹሕ እጅና ቀለም የነካ እጅ ይለይ፤ ወረቀት የሚነካው ንጹሑ ብቻ ነው። ይህ ካልተለየ በእያንዳንዱ ህትመት ጠርዝ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታገኛላችሁ።

ቀለሙ፦ ለመጀመሪያው አንድ የሻይ ማንኪያ መስታወቱ ላይ። ሮለሩን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ በየምላሹ እያነሱ። ቀለሙ በቂ ሲሆን ድምፁ ስስ የሆነ «ሽሽሽ» ነው፤ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ድምፅ ካወጣ በዝቷል። ሊኖው ላይ አንድ ወፍራም ከመቀባት አራት ስስ ይሻላል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 120–160 ግራም፣ ለሙከራ ተራ ወረቀት። ከአስቀመጡት በኋላ አይንቀሳቀስ፤ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መፋቅ። አንድ ጥግ ገልጦ ማየት፣ ካነሰ መመለስና መፋቅ።

ሲወጣ ነጭ ነጠብጣብ የበዛበት ከሆነ ወይ ቀለም ወይ ጉልበት አንሷል። ቀጭኑ መስመር ከተደፈነ ቀለም በዝቷል፤ ሊኖውን ሳታጥቡ በጋዜጣ ሁለት ጊዜ አትሙበትና ትርፉ ይወጣል። ምስሉ ሁለት ሆኖ ከታየ ወረቀቱ ተንሸራቷል። ይህን ሦስቱን በትልቁ ጽፋችሁ ከነናሙናው ለጥፉ፤ ልጁ አሠልጣኙን ሳይጠራ ራሱ ያርማል።

የመጀመሪያዋን ቅጂ እንደ መጨረሻ አትቁጠሩ። ልጁ አይቶ ወደ መቅረጫው ይመለሳል፣ ያርማል፣ ደግሞ ያትማል። ስለዚህ ማተሚያው ላይ መቅረጫ ያለው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ይቆይ፣ ረዳቷ ከእሱ አትነሣ። የሚጾም ልጅ ማረም ካለበት ነገ ጠዋት።

ከመጋረጃ ጀርባ

ሙዚየሙን በሥራ ቀን ከሰዓት አታድርጉት። ዝናብና ትራንስፖርት ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ልጆቹ 10 ሰዓት ቤታቸው አይደርሱም፣ ወላጆችም በማግሥቱ አይልኳቸውም። ሙሉ ጠዋት ስጡት፤ 3 ሰዓት ገብታችሁ 5:30 ውጡ። 24 ልጅ ሁሉንም እንዲያይ አትጠይቁ። እያንዳንዱ አንድ ሥራ ይምረጥ፣ ፊቱ 20 ደቂቃ ይቀመጥ፣ በእርሳስ ይንደፈው። ቀለምና ውሃ ወደ ሙዚየም አይገባም። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ ማሳየት ከፈለጋችሁ፣ ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ፈቃዱ አስቀድሞ ይጠየቃል።

ስለ መጨረሻው ሥራ ማየት፦ «ቆንጆ ነው» የሚባለውን ከልክሉ። ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ዓይንህ መጀመሪያ የት ሄደ? ሠሪው አንድ ነገር ቢለውጥ ምን ይሁን? ሠሪው እስኪጨርሱ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይመልሳል። በ35 ደቂቃ 12 ህትመት ለማየት ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ይደርሳል፤ የቀረው ለቡድን «ለ» ቃል አልባ ሥዕሎች ነው።

የክረምት አስተባባሪ

ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ልጆቹ ህትመታቸውን በዚያው ቀን ይዘው መሄድ ይችላሉ? ቤት ለማሳየት ይቸኩላሉ።

እንጨትና ቀለም

ለሙከራ የታተመውን ይውሰዱ፣ በሁለት ጋዜጣ መካከል ሳይጠቀለል። ጥሩዎቹን ግን አታድሉ። በውሃ የሚታጠበው ቀለም በደረቅ ወቅት በሰዓታት ቢደርቅም በነሐሴ እስከ ማግሥቱ ከነካችሁት እጅ ያበላሻል። መንገድ ላይ ዝናብ ከነካው ደግሞ ጨርሶ ይሟሟል፤ በውሃ የሚታጠብ ማለት ያ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ገመድ ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይወጠር፤ እርጥብ ግድግዳ የነካ ወረቀት ይሻግታል። እያንዳንዱ ወረቀት በሁለት የልብስ መቆንጠጫ፣ በወረቀቱና በመቆንጠጫው መካከል ትንሽ ካርቶን፣ አለዚያ ጥርሱ ይታተምበታል። በማግሥቱ ይወርድና በጠፍጣፋ ሰሌዳ ሥር ሌላ ቀን ያድራል፤ የተጠቀለለው ይስተካከላል።

ፊርማው በእርሳስ ነው፣ በህትመቱ ሥር፦ በግራ ቁጥሩ፣ በመሃል ርዕሱ፣ በቀኝ ስምና ዓመተ ምሕረት። 6 ጥሩ ቅጂ ካወጣ 1/6፣ 2/6 እያለ ይሄዳል። ከስድስቱ አንዱ ለማዕከሉ ይቅር፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኤግዚቢሽን ስታዘጋጁ ልጆቹን ከየቤታቸው ወረቀት አምጡ ከማለት ያድናችኋል።